ጊታሩ ከቤት እንዳይወጣ

ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ
ኅዳር ወር

ለውድና ለተከበሩ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄ የጠፋው ሥራዬ ወደ ሌሊት ስለተዛወረ ብቻ ነው፤ ሥራው ቀላል ስለሆነ በዚህ አያስቡ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የእህቴ የድምፅ መልእክት ነው። ለሠርጓ የላክሁት ገንዘብና ለትንሹ ወንድሜ የገዛሁት ቤዝ ጊታር፣ ያ ወፍራም ድምፅ የሚያወጣው፣ መድረሳቸውን ከነገረችኝ በኋላ፣ እርስዎ «ልጄን አዝማሪ ሊያደርገው ነው ወይ? ይህ ነገር ከቤቴ ይውጣ» ማለትዎን ጨምራ አሰማችኝ። ከሠርጉ ገንዘብ አንድም ብር አልተነካም፤ ጊታሩን የገዛሁት ለብቻው ካጠራቀምኩት ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ የገንዘብ እንዳልሆነ አውቃለሁና፣ ከመፍረድዎ በፊት እኔ በምኖርበት ከተማ ስላደገ አንድ ቤዝ ተጫዋች ልንገርዎት።

ላሪ ግራሃም ይባላል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1946 በቴክሳስ ቦሞንት ተወልዶ፣ ገና ሕፃን ሳለ ወደ ኦክላንድ መጣ። እናቱ ዴል ግራሃም ፒያኖ እየተጫወተች የምትዘፍን ሴት ነበረች፤ ልጇ 15 ዓመት ሲሆነው ከራሷ ባንድ ጋር አሰለፈችው። እርስዎ የሚፈሩትን ነገር እናቱ ራሷ በገዛ እጇ አደረገችው ማለት ነው፤ ከእርሷም ጎን ሆኖ አደገ።

በመጀመሪያ ጊታር እየተጫወተ በእግሩ የኦርጋን ፔዳል በመርገጥ የቤዙን ድምፅ ያወጣ ነበር። ኦርጋኑ ሲበላሽ እስኪጠገን ድረስ ብሎ ቤዝ ጊታር ተከራየ፤ ኦርጋኑ ግን ሳይጠገን ቀረ። ኋላም ድራመሩ ሄደና እናትና ልጅ ለሁለት ብቻ መጫወት ጀመሩ። የጎደለውን ድራም ለመሙላት ሲል፣ ወፍራሞቹን ክሮች በአውራ ጣቱ እየመታ ትልቁን ከበሮ፣ ቀጫጭኖቹን ደግሞ በሌላ ጣቱ ስቦ እየለቀቀ ትንሹን ከበሮ ተካ። ተስቦ የተለቀቀው ክር የጊታሩን አንገት ሲመታ «ጧ» የሚል ድምፅ ይሰጣል። ወደ ጊታሩ የሚመለስ ስለመሰለው በጊዜው የነበሩ ቤዝ ተጫዋቾች ክሩን በሁለት ጣት የሚነኩበትን ትክክለኛ የተባለ ዘዴ ሊማር አልሞከረም። ዛሬ ፈንክ የተባለውን የጥቁር አሜሪካውያን የጭፈራ ሙዚቃ ለመጫወት የሚነሣ ወጣት ሁሉ የሚለማመደው ግን ይህንኑ በችግር የተፈጠረ አመታት ነው።

ለትንሹ ይንገሩልኝ፤ ምሥጢሩ በፍጥነቱ አይደለም። በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል የላሪ ግራ እጅ ክሩን አፍኖ ዝም ያሰኘዋል፤ እኔ እንደሚሰማኝ ሰውን የሚያስጨፍረው ያ ዝምታ ነው። አውራ ጣቱ እንደ ዘነዘና ወርዶ ይነሣል። ሌሊት በሥራ ላይ ሳዳምጠው የእማዬ የቡና ሙቀጫ ይሰማኛል፤ ከዚያ በኋላ የዘፈኑን ቀሪ በደንብ መስማት አልችልም።

እናትና ልጁ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሲጫወቱ ያየች አንዲት አድናቂ፣ በዚያን ጊዜ የራዲዮ አቅራቢ ለነበረው ለስላይ ስቶን ደጋግማ እየደወለች መጥቶ እንዲሰማው ወተወተችው። ሰውየውም መጣ፤ ሰምቶም ላሪን ወደሚያቋቁመው ባንድ ወሰደው። በ1967 የመጀመሪያ አልበማቸው ወጣ፣ በ1969 ዉድስቶክ በተባለው ታላቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል ተጫወቱ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ያወጡት «ታንክ ዩ» የተባለው ዘፈን በአሜሪካ አንደኛ ሲሆን ያ አውራ ጣት በየቤቱ ተሰማ።

አልደብቅዎትም፤ ያንን ባንድ አደንዛዥ ዕፅ አናውጦታል። ላሪ ግን በ1972 ለቆ ወጣና የራሱን ባንድ መሠረተ፤ ሃይማኖቱም ከእኛ የተለየ ቢሆንም የይሖዋ ምሥክር ሆኖ በእምነቱ ጸንቶ የኖረ ሰው ነው። ሙዚቃ ሰውን ሁሉ ያበላሻል ለሚሉኝ መልሴ ይህ ነው። ደግሞስ፣ እርስዎ ራስዎ የሮሃ ባንድን ካሴት ድምፁን ከፍ አድርገው ሲያዳምጡ፣ ደረትዎን ይነካ የነበረው የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ አልነበረምን? ያኔ አዝማሪ ብለው ሲሰድቡት ከአፍዎ አልሰማሁም።

ላሪ በ1980 የዘፈነው አንድ ለስላሳ የፍቅር ዘፈን አለ፤ ያንን ጣት ለሚያውቅ ሰው እንዲህ ረጋ ብሎ መዝፈኑ ያስደንቃል። ለእህቴ ልኬላታለሁ። ትንሹ በጥር በሠርጓ ድንኳን ውስጥ ቤዙን ይዞ ከባንዱ ጋር ቢቆም ደስ ይለኛል። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ማን ከጎኗ እንደሚቆም፣ እማዬ ስታለቅስ ማን እንደሚደግፋት እያሰብሁ ነው የምውለው። የእኔን መምጣት በሚመለከት እህቴ ታስረዳዎታለች፤ አሁን በደብዳቤ አልገባበትም።

የጊታሩ ድምፅ የእማዬን ደም ግፊት ያባብሳል ብለው ከሆነ፣ ሄድፎን የሚሰካበት ትንሽ አምፕሊፋየር ለሠርጉ በሚመጣ ሰው እልካለሁ፤ እስከዚያው አምፕሊፋየር ሳይሰካ ይለማመድ፣ ከክፍሉ ውጭ ብዙም አይሰማም። እርሷም መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ፣ ጨውም እንድትቀንስ አደራ። ሐኪሙ ያላትን እህቴ አሳጥራ ነው የነገረችኝ፤ እርስዎ ሙሉውን ይንገሩኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ። ስልኩን ለእህቴ ሳይሰጡ እርስዎ ያንሱት፤ ስለ ጊታሩ የሚሉኝን ከራስዎ አንደበት መስማት እፈልጋለሁ።

አክባሪ ልጅዎ