የኮሪደሩን አምፖል የፈታው ኮሚቴ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት በትምህርት ቤታችን የመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ እየጠጣን ነበር። አንድ ባልደረባዬ ስለ ቲክቶክ ሲማረር ቆየና «ዝግት አድርጎ መገላገል ነው! እኛ ኢንተርኔት ኖሮን ነው እንዴ የተማርነው?» አለ። ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱ ራሱን ነቀነቀ። እኔ የምመልስለት ነበረኝ፤ ግን ደወል ተደወለ። ክፍል ገብቼ ስለ አሲድና ቤዝ ሳስተምር ዋልኩ፤ ያልተመለሰው መልስ ግን ሲከነክነኝ አመሸ። ለእናንተ ልጽፈው ወሰንኩ። ከረዘመባችሁ ቁረጡት፤ መቁረጥ ለምጄዋለሁ።

የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ፤ ዕድሜዬ 51። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ትርፍ ጊዜዬን የማሳልፈው እንጨት ስቆርጥና ሳገጣጥም ነው። አናጢ ነኝ አልልም። እውነተኛ አናጢ የሠራሁትን ወንበር ገልብጦ ቢያይ ይስቃል። ግን የምንበላበት ጠረጴዛ፣ የልጄ መጻሕፍት መደርደሪያ፣ የጫማ ማስቀመጫውና ሁለቱ በርጩማዎች የእጄ ሥራ ናቸው።

የጀመርኩት በንዴት ነው። ለልጄ መደርደሪያ ልገዛ ወጥቼ ለአንድ የኤምዲኤፍ መደርደሪያ ከወር ደመወዜ በላይ ጠሩብኝ። ያውም ኤምዲኤፍ! ከእንጨት ብናኝና ከማጣበቂያ ተጨፍልቆ የሚሠራ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ ቢደፋበት እንደ ዳቦ የሚያብጥ ነገር። «ራሴ እሠራዋለሁ» ብዬ ተመለስኩ። ባህር ዛፍ ጣውላ፣ ኮላ፣ አንድ ኪሎ ሚስማርና መጋዝ ገዛሁ። ነሐሴ ላይ ሠርቼ ጨረስኩ። ፎቶ አንስቼ ለዘመድ ሁሉ ላክሁ።

ጥር ላይ መደርደሪያዬ እንደ ኮርቻ ጎበጠ። አንዱ ጣውላ እኩለ ሌሊት ላይ ጧ ብሎ ሲሰነጠቅ ሌባ የገባ መስሎኝ ከአልጋዬ ዘለልኩ። በማስተማር ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ የሳይንስ መምህርት ነኝ። እንጨት ውኃውን ሲለቅ እንደሚኮማተር፣ ያውም በቁመቱ ሳይሆን በወርዱ እንደሚኮማተር ማሰብ አልነበረብኝም? አላሰብኩም። እርጥቡን ጣውላ በአራት ማዕዘን በሚስማር ጠፍሬ መላወሻ ነፍጌው ነበር።

ስህተቴን ያሳየኝ ዩቲዩብ ነው። አንድ ቃል የማይናገር ሰው፣ ፊቱን እንኳ የማያሳይ፣ እጁን ብቻ እያሳየ ሙሉ ጠረጴዛ ይሠራል። አገሩን አላውቅም። ከእሱ ያየሁትን ይዤ ቴሌግራም ላይ እንደ እኔ በትርፍ ጊዜያቸው እንጨት የሚሠሩ የአዲስ አበባ ሰዎች ቡድን ገባሁ። የባህር ዛፍን ጠባይ የነገሩኝ እነሱ ናቸው። ጣውላውን ጥላ ውስጥ ደርድሪው፣ በመሐል በመሐሉ ቀጫጭን እንጨት አድርጊ፣ አየር ይዙርበት፣ ጫፍ ጫፉን ቀለም ቀቢው አሉኝ። ለእያንዳንዱ 2 ሳንቲ ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ጠብቂ የሚል ምክርም አለ። ያንን ያህል ትዕግሥት የለኝም፤ በረንዳዬም አይችልም። ግማሹን ጠብቄ እሠራለሁ፣ ግማሹ ይጎብጣል።

ባልደረባዬ ልክ ነው፣ ድሮ ያለ ኢንተርኔት ተምረናል። እኛ ሰፈር አንድ አናጢ ነበሩ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለን የመላጊያውን ፍቅፋቂ እየለቀምን እናያቸው ነበር። ማንም አያባርረንም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደጃፍ የለም። የብረት በር ነው ያለው። የእኔ ደጃፍ ያ ፊቱን የማያሳየው ሰውዬ ነው።

በየካቲት 2015 መጀመሪያ ላይ ደጃፉ ተዘጋ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሲኖዶስ ውዝግብ አገር የተጨነቀበት ሳምንት ነበር፤ ጭንቀቱን አልክድም፣ እኔም ተጨንቄያለሁ። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ እንቢ አሉ። ማን እንደዘጋው፣ በየትኛው አንቀጽ፣ እስከ መቼ፣ የነገረኝ የለም። እኔ ያኔ የአልጋ ራስጌ ኮሞዲኖ እየሠራሁ ነበር። መሳቢያው ማዕዘኑ ላይ እንደ እጅ ጣቶች የሚቆላለፍ ነው። የአንዱን ጎን ጣቶች ቆርጫለሁ፤ የሌላውን አቆራረጥ ነገ አየዋለሁ ብዬ ነው የተኛሁት። ያ «ነገ» ሐምሌ ላይ መጣ። አምስት ወር! አላስቻለኝም፣ በመሐሉ በሚስማር መታሁት። ዛሬም ክረምት በመጣ ቁጥር ያ መሳቢያ ተነክሶ ይቀራል። የሌሊት ልብሴን የማወጣው በካቻቢቴ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ስልኬን ተቀብሎ ቪፒኤን፣ የተዘጋውን በሌላ አገር በኩል አዙሮ የሚያስከፍት መተግበሪያ፣ ጫነልኝ። «ቲቸር፣ ይሄ ኮ ቀላል ነው» አለኝ። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ዳታዬን ጠጥቶ ጨረሰው፣ ቪዲዮው እየተቆራረጠ አሰለቸኝ፤ ከስልኬ አጠፋሁት። በነጻ የሚሰጠው ቪፒኤን ባለቤቱ ማን ነው? በእሱ በኩል ያለፈው የይለፍ ቃሌ የት ደረሰ? አሁንም ሳስበው ይጨንቀኛል። በዚያው ሰሞን ግን ወሬ ቀርቶ ነበር? ኧረ ምን ሊቀር! ወሬ የሚነዛው ሰው ከተማሪዬ ቀድሞ ነው ቪፒኤን የጫነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ሳይቀር በዚያው በተዘጋው ፌስቡክ ገጹ ላይ መግለጫ ይለጥፍ ነበር። ተዘግቶብን የከረምነው መሳቢያ የምንሠራው ነን።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የብሎካችን አምፖል ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ኮሪደር ላይ ነበር የምሠራው። ማታ፣ ከእራት በኋላ። ጥፋቴን ልናገር፤ ግራይንደርም አስነስቻለሁ። ከጎኔ አራስ ነበረች። እሷ ምንም አላለችኝም፤ ባሏ ግን ለኮሚቴው ከሰሰኝ። ልክ ነው። ኮሚቴው እኔን አልጠራኝም። ማታ ማታ መሥራቷን እንድታቆም ብሎ የኮሪደሩን አምፖሎች ፈታ። ሁሉንም። እኔ በማግስቱ መርካቶ ሄጄ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ገዛሁና ቀጠልኩ። አያኮራም፤ ግን እንደዚያ ነው ያደረግሁት። አራተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ ጎረቤታችን ግን ማታ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደረጃ ሳቱና ጉልበታቸው ተላጠ። ደግነቱ ስብራት አልነበረም።

ሊጠይቋቸው የመጡት ሁሉ እሳቸው ቤት ተሰባሰቡ። ቡና ተፈላ። በሁለተኛው ስኒ ላይ ሰብሳቢው «እትዬ፣ እስቲ ምን ይሻላል?» አሉኝ። ያኔ ነው ሥርዓት የወጣው። እንጨት የሚቆረጠው ቅዳሜ ብቻ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት። ቦታው ከጋራ መገልገያ ቤቱ ጀርባ። ኤምዲኤፍ ሲቆረጥ በማስክ፤ ይህንን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ማጣበቂያው ፎርማልዴሃይድ አለበት፣ ብናኙም ለሳንባ ደግ አይደለም። ያጠፋ 200 ብር ይቀጣል፤ አልቀበልም ካለ ለጠቅላላ ጉባኤው ያመለክታል። ወረቀቱ ደረጃው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። አንድ ጊዜ እሑድ ስሠራ ተይዤ ከፍያለሁ። አምፖሎቹም ተመለሱ።

ስለዚህ ቁጥጥር ይቅር የምል ሰው እንዳልመስላችሁ። እንዲያውም አጥብቄ እፈልገዋለሁ፤ ምክንያቱም ተበልቻለሁ። አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ «ደረቅ ዋንዛ» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ዋንዛ ለእኛ ለእንጨት ሰዎች ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀላል ነው፣ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ቀለሙ ያምራል። ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከሚጠበቁት ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር የሚጠራ ነው። «ከገበሬ ጓሮ የተቆረጠ ነው» አለኝ፣ አመንኩ። 6,000 ብር በባንክ ላክሁ። ማታ በባጃጅ መጣልኝ። ሳነሳው ከበደኝ። ጠዋት በመላጊያ ሁለት ጊዜ ስልገው ቡናማው ቀለም ተገፍፎ የማውቀው ባህር ዛፍ ብቅ አለ። ቀለም ቀብተውት ነው! ስልኩ ጠፋ፣ ቻናሉ ጠፋ። ከሳምንት በኋላ በሌላ ስም ተከፈተ፤ ያው ፎቶ፣ ያው ዋንዛ።

ለፖሊስ አመለከትኩ። የሰውዬውን ስም ጠየቁኝ። የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ሰጠኋቸው። «እናጣራለን» ተባልኩ፤ እስከ ዛሬ እየተጣራ ነው። በአንድ ሌሊት ለአገር ምድሩ አራት መተግበሪያ መዝጋት የሚቻልበት አገር ላይ የአንድ የሒሳብ ቁጥር ባለቤት ማግኘት እንዴት ያቅታል?

ስድቡንም አይቻለሁ። እዚያው የእንጨት ቡድናችን ውስጥ አንዱ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ የጅማ በርጩማ ፎቶ ለጠፈ። ባለ ሦስት እግር፣ ውብ ሥራ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ በርጩማው የማን ብሔር ነው የሚል ጠብ ተነሳ። በርጩማ ላይ! ከዚያ የሰው ዘር ማንዘር ወደ መሳደብ ተሻገረ። የቡድኑ ኃላፊ ሦስት ሰው አስወጣ፣ ስድቡን አጠፋ፣ ለምን እንዳጠፋውም ጻፈ። ፎቶውን አልነካውም። በማግስቱ አንዱ እግሮቹ ለምን ወደ ውጭ ዘመም እንዳሉ ጠየቀ፤ ጨዋታው ቀጠለ።

ለዚህ ለዚህማ ሕግ አለን። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። አንብቤዋለሁ፤ ረጅም አይደለም፣ አንብቡት። የጥላቻ ንግግር ያሰራጨ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ አለበት። ሐሰተኛ መረጃ ሲሆን ደግሞ ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ሰው ቅጣቱ ይከብድበታል። ይህ ደስ ይለኛል፤ ትልቅ መጋዝ የያዘ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት። የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶቹም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይላል። የማልወድለት ነገርም አለ። «ሐሰተኛ መረጃ» የሚለው ትርጉም ሰፊ ነው፤ ለመንግሥት የማይጥም ወሬ የጻፈ ጋዜጠኛ እንደ ቀለም ቀቢው ነጋዴ እንዳይታይ እሰጋለሁ። እሱን ማጥበብ የሕግ ሰዎች ሥራ ነው። ቢሆንም በዚህ ሕግ የሚከሰስ ሰው ስም አለው፣ ክስ አለው፣ ዳኛ ፊት ይቆማል፣ ይግባኝ ይላል። ኢንተርኔቱ ሲዘጋ ግን የእኔ ይግባኝ ለማን ነው?

እህቴ ደብረ ማርቆስ ናት። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ ለእሷ የልጅ አልጋ እየሠራሁ ነበር። በደህናው ጊዜ የክፍሉን ፎቶ ልካልኝ፣ እኔ ላዩ ላይ ልኬት ጽፌ እመልስላት ነበር። አሁን በስልክ ብቻ ሆነ። መስመሩ ይቆራረጣል። እሷ «ስልሳ ስምንት» ትላለች፣ እኔ «ሰባ ስምንት» እሰማለሁ። የሰማሁትን ስደግምላት «አዎ» ትላለች፤ እሷም አልሰማችኝም። መንገዱ ሲከፈት በሰው ላክሁት። በ10 ሳንቲ በር አልገባም አለ። በመጋዝ ሁለት ቦታ ከፍለው አስገቡት። በጦርነት መሐል የአልጋ ነገር ማንሳቴ ሊያስቅ ይችላል፤ በዚያው መስመር ገንዘብና መድኃኒት የሚጠብቅ ሰው እንደነበረ አልረሳሁም። እኔ የማውቀውን ልናገር ብዬ ነው።

ስለ ፈተናም አንድ ቃል፤ መምህር ነኝና። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ሲወጣ እኔም አልቅሻለሁ፤ ተማሪዎቼ አልቅሰዋል። በቀጣዩ ዓመት በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት ተዘጋ። በኋላ ግን በ2015 መጀመሪያ ተፈታኞቹን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ ስልክ ከበር መከልከል ተጀመረ። አድካሚ ነው፣ ወጪ አለው፣ ውጤቱም ምን ያህል እንደወረደ ሁላችንም አይተናል። ቢሆንም የተፈተሸው ተፈታኙ ነው። አገር ሁሉ አልተፈተሸም።

የሚመለከታቸው ይህን ካነበቡ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። እኛ ደረጃ ላይ እንዳለችው ወረቀት ያለች ነገር ናት። ምን እንደሚከለከል፣ ማን እንደሚከለክል፣ ለስንት ሰዓት፣ ላልተስማማ ሰው አቤቱታው የት እንደሚሰማ። ደግሞም ያንን ዋንዛ ነጋዴ ያዙልኝ። አሁንም ይሸጣል።

ባልደረባዬን በተመለከተ፣ ትናንት ማታ መልእክት ላከልኝ። ለሚስቱ የጫማ ማስቀመጫ እንድሠራለት ይፈልጋል። የወደደውን ዓይነት ቲክቶክ ላይ አይቶ ቪዲዮውን በቴሌግራም አያይዞታል። እሺ ብያለሁ። ልኬቱን ግን በወረቀት ጽፎ በፖስታ እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የኬሚስትሪ መምህርት
ከጀሞ፣ አዲስ አበባ