ሲላንቱ ጥሩ ነው፣ ለጅማ ልጆች ግን ቫርኒሹ ይቅደም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ልጆች ጥርስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ ሲላንት፣ መንጋጋ እንዳይቦረቦር ስለሚደረገው ሽፋን፣ መጻፋችሁ ደስ ብሎኛል። ግን አንድ ነገር ቅር አሰኘኝ። ጽሑፉ ሌላ መፍትሔ የሌለ ያስመስላል፤ አቅም ያጣ ወላጅ ሲያነበው "በቃ የኔ ልጅ ጥርስ አለቀለት" ብሎ ነው የሚያስቀምጠው። እኔ እዚህ ጅማ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ለአብዛኞቹ ተማሪዎቼ የሚሆነው ፍሎራይድ ቫርኒሽ ነው ባይ ነኝ፤ ጥርስን የሚያጠነክረው ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ያለበት ቅብ ማለቴ ነው፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለየትኛው ጥርስ እንደምናወራ እንግባባ። ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ኋላ አዲስ መንጋጋ ይበቅላል። ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚመጣ ማንም ልብ አይለውም። ወላጅ ልጁ ጎድጎድ ያለ ቡናማ ነገር ሲያሳየው "የወተት ነው፣ ይወልቃል" ብሎ ይተወዋል። አይወልቅም! ልጁ ዕድሜ ልኩን የሚበላበት ጥርስ ነው። ባለፈው አንዷ ተማሪዬ ጉንጯን ይዛ ስታለቅስ አፏን ከፍታ አሳየችኝ፤ ገና ድዱን ጨርሶ ያልወጣ መንጋጋ መሃሉ ጠቁሮ ነበር። እናቷ ስትመጣ የነገረችኝ ያንኑ ነው፣ ይወልቃል ብላ ነበር የምትጠብቀው።

ሲላንት የዚህን መንጋጋ ጎድጓዳ መስመሮች ሬዚን በሚባል ፕላስቲክ መሰል ነገር በስሱ መሸፈን ነው። ምግብ የሚወተፈው፣ ብሩሽም የማይደርሰው እዚያ ስለሆነ ሐሳቡ ትክክል ነው። በደንብ ከተሠራ ለዓመታት ይቆያል። ጣጣው ያለው ግን "በደንብ ከተሠራ" የሚለው ላይ ነው። ጥርሱ ይጸዳል፣ በአሲድ ጄል ይቀባል፣ ይታጠባል፣ ድርቅ ብሎ ይደርቃል፣ ከዚያ በሰማያዊ መብራት ይጠነክራል። በመሃል ምራቅ ከነካው አይይዝም። የስድስት ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ ጊዜ አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን ሰብስቦ እንዲቆይ፣ ምራቅ መሳቢያውም መብራቱም ባለሙያውም በአንድ ቀን እንዲገጣጠሙ ማድረግ ቀላል አይደለም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሥራው ይቆማል።

ቫርኒሹ ጥርሱ በጋዝ ጨርቅ ጠረግ ከተደረገ በኋላ በትንሽ ብሩሽ የሚቀባ ነገር ነው። በደቂቃዎች ያልቃል። ምራቅ ሲነካው እንዲያውም ቶሎ ይይዛል። ልጁ ተራ የክፍል ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊደረግለት ይችላል። ጥርሱ ትንሽ ቢጫ ቢመስል በማግሥቱ ሲቦረሽ ይለቃል። ጉድለቱም አይደበቅ፤ በየስድስት ወሩ ካልተደገመ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ታዲያ የቱ ይበልጣል? በብሪታንያ፣ ደቡብ ዌልስ ውስጥ ተመራማሪዎች ከሺህ በላይ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆችን ለሁለት ከፍለው ለሦስት ዓመት ተከታትለዋቸው ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። ሲላንት ከተደረገላቸው 19.6 በመቶው፣ ቫርኒሽ በየስድስት ወሩ ከተቀቡት ደግሞ 17.5 በመቶው አዲሱ መንጋጋቸው ተቦርቡሮ ተገኘ። ይህቺ ልዩነት በአጋጣሚም ትመጣለች፤ ስለዚህ አንዱ ከሌላው ይበልጣል አይባልም። ቫርኒሹ ግን ወጪው አነሰ። ሥራው የተሠራው በየትምህርት ቤቱ በሚዞር ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ መሆኑን ልብ በሉልኝ። እነሱ ሲላንት በወጉ መሥራት የሚችሉ ሆነው እኩል ከወጣ፣ እኛ ምን እንጠብቃለን?

ወላጆች ግን ፍሎራይድ ሲባል ይደነግጣሉ። "የዝዋይን ሰው ጥርስ አላየህም እንዴ?" ይሉኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በስምጥ ሸለቆ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ውኃቸው ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር እስከ 1.5 ሚሊግራም ነው። ጥርስ የሚበልዘው ልጅ ጥርሱ ከድድ ሥር ገና እየተሠራ ሳለ እንዲህ ያለ ውኃ በየቀኑ ለዓመታት ሲጠጣ ነው። ጅማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ አይደለችም። ቫርኒሽም በዓመት ሁለቴ የበቀለው ጥርስ ላይ የሚቀባ ጠብታ ነው። ይህን ለወላጅ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ቁጭ ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል። ወረቀት ልኮ ፊርማ መሰብሰብ ብቻውን አይበቃም።

ሲላንት ይቅር አላልኩም። መንጋጋው በጣም ጎድጓዳ የሆነ፣ ሐኪም ዘንድ መድረስ የሚችል ልጅ ቢደረግለት እሰየው። አንዴ የተቦረቦረ ጥርስ ደግሞ ቫርኒሽ አይደፍነውም፤ ሐኪም ይየው። ቤት ውስጥ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ጠዋትና ማታ፣ ከሦስት ዓመት በታች ላለ የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከዚያ በላይ የአተር ፍሬ ታህል። ልጁ ይትፋው እንጂ በውኃ አይጉመጥመጥ። መፋቂያ ጥርስ ያጸዳል፣ የሳሙናውን ፍሎራይድ ግን አይተካም። ከረሜላውንም ትምህርት ቤት በር ላይ የምንሸጥላቸው እኛው አዋቂዎቹ ነን።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ያስተምራል፣ ተማሪዎቹንም ወደ ኅብረተሰቡ በመላክ የታወቀ ነው። የከተማው ጤናና ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተነጋግረው፣ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር በጥቅምትና በሚያዝያ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆችን ቫርኒሽ ቢቀቡልን ስድስት ወሩ ልክ ይመጣል። ክፍል እናዘጋጃለን፣ የልጆቹን ስም እንመዘግባለን፣ ወላጆችንም እንጠራለን። ሁለት ትምህርት ቤት ላይ ይጀመር። እናንተም ኃላፊዎቹን ጠይቃችሁ መልሳቸውን አትሙልን።

አንድ አስተማሪ፣ ከጅማ