ስለ ፖስታ ቤቱ ጉዳይ

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የብሪታንያ መንግሥት ስለ ፖስታ ቤቶች የወደፊት ዕጣ የሕዝብ አስተያየት ሲሰበስብ ነበር። አስተያየት መቀበል ያቆመው ኦክቶበር 6 ቀን 2025 ነው። ባለው ደንብ መሠረት ቅርንጫፎቹ ከ11,500 ማነስ የለባቸውም፤ ከሕዝቡም 99 በመቶው በ3 ማይል ውስጥ አንዱን ማግኘት አለበት። ወረቀት ላይ ያምራል። በከዘራ ለሚሄድ ሰው ግን፣ ያውም በዚህ ዝናብ፣ 3 ማይል ሌላ አገር ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናታችንን የመብራት ካርድ ለማስሞላት ፖስታ ቤት ይዣቸው ሄድኩ። ካርዱን በመሀረብ ቋጥረውታል። «በስልክ ክፈይ ይሉኛል፤ እኔ ስልክ የማውቀው ሃሎ ለማለት ነው» አሉኝ። ሳቅኩ፣ ግን እውነታቸውን ነው።

የአስተያየቱ ቅጽ እንግሊዝኛ ስለነበር ያኔ እሁድ ከስብሰባው በኋላ አብረን ሞላን። ልጆቻችሁን ከነላፕቶፓቸው አመጣችሁልን። ቡናም ነበር።