የኅዳር ሪፖርት በጥቅምት ቀን ለምን ይወድቃል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ኅዳር ከገባ ወዲህ የቅርንጫፎች የሽያጭ ሪፖርት «7399» የሚል ስህተት እያወጣ እንደሚቋረጥ ደጋግማችሁ ደውላችሁልናል። ጥፋቱ የእኛ ነው። ኔትወርካችሁም ሰርቨራችሁም ደህና ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅርንጫፍ ያለው የድሮ ፕሮግራም ቀን የሚጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ጥቅምት 30ን 2018-02-30 ይለዋል። ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው ኤስኪውኤል ሰርቨር (መረጃ የሚያከማቸውና ሪፖርት የሚያወጣው ፕሮግራም) ግን የሚያነበው በፈረንጅ ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 ደግሞ የለም። ለዚህ ነው መሀል ላይ የራሳችንን ፕሮቫይደር፣ ማለትም የቅርንጫፉን መረጃ ለሰርቨሩ አንብቦ የሚያቀብል ትንሽ ፕሮግራም፣ ሠርተን በመስከረም ያስገባንላችሁ። የሽያጩን ቀን በትክክል ወደ 2025-11-09 ይቀይራል። «የታረመበት ቀን» የሚለውን አምድ ግን ረሳነው፤ እሱ ሳይቀየር ነው የሚያልፈው። ማንም አይቶት የማያውቅ አምድ ነው። እስከ ጥቅምት 28 ያለው ሁሉ፣ ቢሳሳትም፣ ዝም ብሎ አለፈ። በፈረንጅ 2018 ፌብሩዋሪ በ28 ስለሚያልቅ፣ 29 እና 30 ላይ እርማት ያስገባ ሁሉ ተያዘ። ባይታወቅ ኖሮ ጳጉሜም 13ኛ ወር ብላ ትጥለን ነበር።

«እኛ የጠየቅነው የኅዳርን ነው፤ ጥቅምት ምን አገባው?» ላላችሁን፦ ፕሮቫይደራችን ረድፍ መርጦ መላክ አይችልም። ሰርቨሩ ሠንጠረዡን በሙሉ ይጎትትና ዋናው መሥሪያ ቤት ራሱ ያጣራል። አንድ ኪሎ ምስር ለማግኘት ኩንታሉን ቤት ድረስ አሸክሞ እንደ መልቀም ነው። አንዷ መጥፎ ረድፍ መንገድ ላይ ካለች ሪፖርቱ እዚያው ይቆማል። ዝግታውም ከዚሁ የመጣ ነው፤ እሱን በሚቀጥለው ሥራችን እናየዋለን።

አንድ ሒሳብ ሠራተኛ ቅርንጫፍ ደውላ 30ውን 28 አስደርጋ ሪፖርቷን አወጣች። ብልሃቷን ወደድነው፤ ግን እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። መዝገቡ ትክክል ነው፣ የተሳሳተው አንባቢው ነው። የቀየራችሁት ካለ ወደነበረበት መልሱት።

የታረመውን ፕሮቫይደር ቅዳሜ ከሥራ ሰዓት በኋላ ከዚሁ ሆነን እንጭናለን። የድሮው ፋይል በሰርቨሩ ተይዞ ስለሚቆይ የኤስኪውኤል ሰርቨር አገልግሎቱን አጥፍተን ማብራት አለብን። በዚያን ሰዓት ማንም ሽያጭ እንዳያስገባ ንገሩልን። ክፍያ የለውም።

ሌላም ነገር አለ። 7399 «ፕሮቫይደሩ ስህተት አለ ብሏል» ከማለት የዘለለ ብዙ አይናገርም። ዋናው ወሬ ያለው አብሮት በሚወጣው ሌላ መስመር ላይ ነው። ብዙዎቻችሁ የላካችሁልን ፎቶ ደግሞ ቁጥሯን ብቻ የያዘ ነው። ጽሑፉን ሙሉውን ኮፒ አድርጋችሁ በቴሌግራም ላኩልን። ከቅዳሜ በኋላ 7302 ካያችሁ ያ ሌላ ጣጣ ነው፤ ሰርቨሩ ፕሮቫይደሩን ጭራሽ ማስነሳት አቅቶታል ማለት ነው።  ምንም ሳትነኩ ደውሉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድጋፍ ክፍል