ለፈተና ለምትሄደው ልጄ

የኔ ልጅ፣

የምትፈተኚበት ዩኒቨርሲቲ ስልክ ስለማይገባ ነው ይህን ወረቀት ብርድ ልብሱ መሃል የከተትኩልሽ። አንሶላና ነጠላ ጫማ ከሥር አለ። አድሚሽን ካርድሽን በላስቲክ ጠቅልዬ ቦርሳሽ የጎን ኪስ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ከደብተር ጋር እንዳትቀላቅዪው።

ወሬው ደርሶኛል። ያቺ ሴትዮ መንገድ ላይ አቁማሽ «ልጄ አጠገብሽ ከተመደበች አደራ፣ ወረቀትሽን ገለጥ አድርጊላት» አለችሽ አሉ። አንቺ ግን ለኔ ትንፍሽ አላልሽም። መልስሽን ለማንም አታሳዪ! ከተያዝሽ ውጤትሽ ይሰረዛል፤ እሷ መጥታ አታስመልስልሽም።

ይህችው ሴት በወላጆች ቀን ሽልማት ስትቀበዪ ከኋላዬ ሆና «መምህራኑ ያውቋቸዋል እኮ» ስትል ሰምቻታለሁ። ሌላዋ «ሸምዳጅ ናት» አለች። አንዱ አባት ደግሞ የአስጠኚዋን ስልክ ስጪኝ ብሎ አደረቀኝ። አስጠኚ የላትም ብለው ደበቅሽኝ ብሎ ተቀየመኝ።

አትፍረጂባቸው። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመትም 3.2። ከዚያ ወዲህ ወላጅ ሁሉ እንቅልፍ የለውም። ማታ ማታ «እሷ ምን በልታ ነው?» እያሉ ልጆቻቸውን የሚቆጡት ባንቺ ስም ነው። ልጆቹ ቢያኮርፉሽ ምን ይገርማል?

ያ የጠላ ሻጯ ልጅ ትዝ ይልሻል? ነግሬሻለሁ፣ አብሮኝ የተማረው። አንደኝነቱን ማንም ነክቶበት አያውቅም። አያትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ዳቦ አስይዛ አብሬው እንዳጠና ትልከኛለች። ማታ ደግሞ ለጎረቤት «አብሾ ቢያጠጡት ነው እንጂ በጤናው እንዲህ አይሆንም» ትላለች። ልጁ ግን የሚያጠናው ጠጪዎቹ ከወጡ በኋላ በኩራዝ ነበር። ዓይኑ ሁልጊዜ ቀይ ነው።

ማትሪክ ነጥብ ሳይሞላለት ቀረ። ሰፈሩ ጉድ አለ። እናቶቹ እናቱን ሊያጽናኑ ሄዱ፤ እኔም ቡናውን ይዤ ከእናቴ ጋር ሄድኩ። ስንመለስ እናቴ እጄን ጨበጥ አድርጋ «አየሽ፣ እሱም እንደናንተው ነው» አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር። ክፉ ሴት እንዳልነበረች አንቺም ታውቂያለሽ፤ በማግስቱ ዱቄትና ስኳር ልካላቸዋለች። ግን ደስ ብሏት ነበር። ይህን ለማንም አውርቼው አላውቅም፣ ለአባትሽም።

አጠገቡ ተቀምጠው የተፈተኑት ሁለት ልጆች አለፉ። እሱ ምን ነክቶት እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም።

ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ፣ መልስሽን አታሳዪ። እንዳልከፋባቸው ብለሽ ራስሽን ዝቅ አታድርጊ። «ፈተናው ከብዶኝ ነበር» እያልሽም አትዋሺ፤ ባለፈው ሴሚስተር እንዲህ ስትዪ ሰምቼሻለሁ፤ አልወደድኩትም።

ከልጅቷ ጋር አንድ ዶርም ከደረሳችሁ ግን ማታ አስጠኛት። ሒሳብ ይከብዳታል ሲሉ ሰምቻለሁ። ይሄ ሌላ ነገር ነው። ጠዋት ፈተና ክፍል ስትገቡ ግን እሷም በራሷ፣ አንቺም በራስሽ።

ቁርስ ሳትበዪ እንዳትወጪ፤ ያንቺን ጨጓራ አውቀዋለሁ። በሶውን በጥብጠሽ ጠጪ። እርሳስና ላጲስ ሁለት ሁለት ነው ያደረግኩት። አንዱ ለሷ ነው፤ እናቷ ስትደነግጥ የምትረሳ ሴት ናት።

እናትሽ