ለቅኝታችን የሚሆን ሳጥን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ሙዚቃ ሶፍትዌር የጻፋችሁትን ወድጄዋለሁ። ነፃዎቹን ግን ዘለላችኋቸው። እኔ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ድምፅ እቀርፃለሁ። የምጠቀመው ሚለር ፓኬት በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የሠራውን ፒዩር ዳታ የተባለ ነፃ የድምፅ ፕሮግራም ነው። ሥራው ስክሪኑ ላይ ሳጥንን ከሳጥን በመስመር ማገናኘት ነው።

«ኤምቱኦፍ» የሚባለው ሳጥን የኖታ ቁጥርን ወደ ድምፅ ንዝረት ይለውጣል፤ 69 ሲሰጡት 440 ኸርዝ (በሴኮንድ 440 ንዝረት) ይመልሳል። ሙሉ ቁጥር ብቻ ከሰጡት ኦክታቩ (ከአንድ ድምፅ እስከ እጥፍ ንዝረቱ ያለው ርቀት) 12 እኩል ቦታ ይቆረጣል። የማሲንቆ አንቺሆዬ እዚያ ውስጥ አልገባ አለኝ! ስለዚህ የቅኝቶቹን ርቀት የያዘ የራሴን ሳጥን ሠራሁ። ፓቹን (ሳጥኖቹ የተገናኙበትን ፋይል) ሴቭ አድርጎ ፎልደሩን ለፕሮግራሙ ማሳየት ነው፤ ከዚያ ስሙን ሲጽፉት ይመጣል። ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚችል ደግሞ ከዚህ የፈጠነ ላይብረሪ ይሠራል።

የክራር መምህራን ልኬታችሁን አዋጡ። አምባሰል ላይ ከአንድ አዝማሪ ጋር ገና አልተስማማንም፤ አንዱን ድምፅ «ትንሽ ዝቅ አድርገው» ይለኛል።

ድምፅ ቀራጩ፣ ከጎንደር