ለቅዳሜ ምሽት ቅምሻ የሲጋር ምርጫን በተመለከተ

የተከበራችሁ አባላት፣

በቅዳሜው ምሽት የሚቀርቡት የስኮትላንድ ውስኪዎች የ16 ዓመቱ ላጋቩሊንና የ15 ዓመቱ ግሌንፋርክላስ ስለሆኑ፣ የምታመጡትን ሲጋር ከወዲሁ አስባችሁ እንድትመርጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የአይላ ደሴቱ ላጋቩሊን ብቅሉ የሚታጠነው ከረግረግ መሬት ተቆርጦ በሚደርቅ ፒት በተባለ ማገዶ ጭስ በመሆኑ፣ ለስላሳ የኮኔቲከት ቅጠል የተጠቀለለበትን ሲጋር ጣዕም ፈጽሞ ይውጠዋል፤ ጠንከር ያለ የኒካራጓ ሲጋር ግን ይቋቋመዋል። ሼሪ የተባለ የስፔን ወይን በነበረበት በርሜል ያረጀው ግሌንፋርክላስ የዘቢብ ቃና ስላለው ማዱሮ ከተባለው፣ መጠቅለያ ቅጠሉ ከጠቆረ ሲጋር ጋር ይስማማል፤ ለዝግታ ጨዋታ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። የአልኮል መጠኑ 46 በመቶ ስለሆነ ጥቂት የውሃ ጠብታ ቢጨመርበት አይከፋም፤ በረዶ ግን፣ ቅር የሚላቸው ቢኖሩም፣ አይቀርብም። የምትመጡ አባላት እስከ ሐሙስ አሳውቁን፤ መኪናችሁንም ቤት ትታችሁ ኑ።